ማሪ ኩሪ እና የእንጉዳዩ ጉዳይ

 ለዛሬ የአንዲት ታላቅ ሴት የሕይወት ታሪክ ይዘን ቀርበናል። ይህች ሴት ማሪ ኩሪ ትባላለች። ከሞተች ከዘጠና ዓመት በላይ ቢሆናትም ስሟን ልጆቻችን እስከ ዛሬ በትምህርት ቤት ይማሩታል። ታሪኳን የምናነሳው ግን ሥራዋ እስከ ጓዳችን ድረስ የዘለቀ በመሆኑ ጭምር ነው። (በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። በኢየሩሳሌም ከኢትዮጵያ መንገድ ተነስቶ በነቢያት ጎዳና በኩል ወደ ማሐኔ የሁዳ ገበያ የሚሄድ ሰው ነጫጭ እንጉዳይ በየሣጥኑ ሲሸጥ ያያል። አገር ቤት እያለን ክረምት ሲገባ በየሜዳው የሚበቅለውን ብዙዎቻችን የጅብ ጥላ እያልን አልፈነው እንሄድ ነበር። እዚህ ግን ልጆቻችን በፒሳም በሾርባም ይወዱታል። ችግሩ እንጉዳይ ቶሎ የሚበላሽ መሆኑ ነው። ከተለቀመ በኋላ ያለ ማቀዝቀዣ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቢቆይ ነው። በዚህም ምክንያት ሳይንቲስቶች እንጉዳይን በጨረር አሳልፎ ዕድሜውን የማራዘም ዘዴ አጥንተዋል።

ይህን የሚሰሙ ብዙ ወገኖቻችን ይደነግጣሉ። ጨረር፣ በዕብራይስጡ ክሪና፣ የሚለው ቃል ሲነሳ ካንሰርና ቦምብ ትዝ ይላቸዋል። ድንጋጤያቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወደዚያም እንመጣለን። በመጀመሪያ ግን ጨረር ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚጎዳና መቼ እንደሚጠቅም ለማወቅ የማሪ ኩሪን ሕይወት መመልከት ይበጃል። ምክንያቱም ዓለም ስለ ጨረር ያወቀውን ብዙ ነገር ያወቀው በእሷ ድካም ሲሆን፣ ዋጋውንም የከፈለችው በገዛ አካሏ ነው።

የዋርሶዋ ልጅ

ማሪ የተወለደችው ኖቬምበር 7 ቀን 1867 በዋርሶ ከተማ ነው። የመጀመሪያ ስሟ ማሪያ ስክሎዶቭስካ ነበር። በዚያን ጊዜ ፖላንድ በጎረቤት መንግሥታት ተከፋፍላ ዋርሶ በሩሲያው ዛር አገዛዝ ሥር ወድቃ ነበር። በትምህርት ቤት የሚነገረው ሩሲያኛ ሲሆን፣ የፖላንድን ቋንቋና ታሪክ በግልጽ ማስተማር አይፈቀድም ነበር። አገር ቤት ዕብራይስጥ በስውር የተማሩ ወገኖቻችን ይህን ዓይነቱን ኑሮ በሚገባ ይረዱታል።

አባቷ የሒሳብና የፊዚክስ መምህር፣ እናቷም የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ኃላፊ ነበሩ። ማሪያ ለአምስቱ ልጆች የመጨረሻዋ ናት። ገና በልጅነቷ ታላቅ እህቷ በታይፈስ በሽታ ሞተችባት። አሥር ዓመት ሲሆናት ደግሞ እናቷን በሳንባ ነቀርሳ አጣች። ያም ሆኖ በ1883 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን በወርቅ ሜዳይ ጨረሰች።

ይሁን እንጂ የዋርሶ ዩኒቨርሲቲ ሴት አይቀበልም ነበር። ስለዚህ ማሪያና እህቷ ብሮኒስላቫ ከሰው ቤት ወደ ሰው ቤት እየተዘዋወረ በድብቅ በሚሰጥ ትምህርት መማር ጀመሩ። ቀጥሎም ሁለቱ እህትማማቾች ቃል ተገባቡ። ብሮኒስላቫ ፓሪስ ሄዳ ሕክምና እንድትማር ማሪያ እየሠራች ገንዘብ ትልካለች፤ ታላቂቱ ስትመረቅ ደግሞ በተራዋ ታናሿን ታስተምራለች። በቤተ እስራኤል ቤተሰብ አንዱ ልጅ ሠርቶ ሌላውን እንደሚያስተምረው መሆኑ ነው።

ማሪያም በሰው ቤት ተቀጥራ የቤት ውስጥ አስተማሪና የልጆች ሞግዚት ሆነች። በገጠር በአንድ ባለጸጋ ቤት ለሦስት ዓመታት ያህል ስትሠራ፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ የገበሬ ልጆችን ሰብስባ በፖላንድ ቋንቋ ማንበብና መጻፍ ታስተምር ነበር። ከቤቱ የበኩር ልጅ ጋር ቢዋደዱም ወላጆቹ ደሃ ሠራተኛ ለልጃችን አትሆንም በማለታቸው ጋብቻው ቀረ። ማሪያ ውርደቱን ችላ ሥራዋን ቀጠለች፤ ለእህቷም ገንዘብ መላኳን አላቋረጠችም።

በባዕድ አገር

በ1891 የማሪያ ተራ ደረሰ። በርካሹ የባቡር ማዕረግ ተሳፍራ ፓሪስ ገባች። ዕድሜዋ ሃያ አራት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። በሶርቦን ዩኒቨርሲቲ ስትመዘገብ ስሟን በፈረንሳይኛው ማሪ አሰኘችው። ወዲያውም ፈረንሳይኛዋ ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት እንደማይበቃ፣ የሒሳብ ዕውቀቷም ከሌሎቹ ተማሪዎች ያነሰ እንደሆነ ተረዳች። ከኡልፓን ወጥቶ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ መምህሩ የሚናገረው ቃል አንዱ ገብቶ አንዱ ያመልጣል።

የምትኖረው በአንድ ሕንፃ ጣሪያ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። በክረምት ብርዱ ሲበረታ ያላትን ልብስ ሁሉ ትደርብ ነበር። ምግቧም አብዛኛውን ጊዜ ዳቦና ሻይ ነበር። በ1893 ግን በፊዚክስ ፈተና ከክፍሏ አንደኛ ወጣች፤ በ1894 ደግሞ በሒሳብ ሁለተኛ ሆነች። ለትምህርቷ የተሰጣትን የነፃ ትምህርት ገንዘብ በኋላ ሥራ ስትይዝ መልሳ ከፈለች። እንዲመለስ የጠየቃት ማንም አልነበረም፤ ገንዘቡ ለሌላ ችግረኛ ተማሪ ይድረስ ብላ ነው።

በ1895 ፒየር ኩሪ የተባለውን የፊዚክስ ሊቅ አገባች። ለሠርጓ የለበሰችው ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ ነበር። ያንኑ ቀሚስ ከሠርጉ በኋላ ለላቦራቶሪ ሥራ ለብሳዋለች።

ፖሎኒየምና ራዲየም

በዚያው በ1895 ጀርመናዊው ሮንትገን ኤክስሬይን አገኘ። በ1896 ደግሞ ፈረንሳዊው ቤክሬል ዩራኒየም የተባለው ማዕድን ከራሱ የማይታይ ጨረር እንደሚያወጣ ደረሰበት። ማሪ ለዶክትሬት ጥናቷ ይህንኑ ጉዳይ መረጠች። ባሏና ወንድሙ በሠሩት ረቂቅ የኤሌክትሪክ መለኪያ ማዕድኖችን አንድ በአንድ መመርመር ጀመረች።

ፒችብሌንድ በሚባለው ጥቁር ማዕድን ላይ አስደናቂ ነገር አየች። ማዕድኑ በውስጡ ካለው ዩራኒየም ከሚጠበቀው በላይ ብዙ ጨረር ያወጣ ነበር። በመሆኑም ገና ያልታወቀ ሌላ ነገር በውስጡ ሊኖር ይገባል ብላ አሰበች። ፒየርም የራሱን ጥናት ትቶ አብሯት ሠራ። በ1898 ሁለት አዳዲስ ንጥረ ነገሮች ማግኘታቸውን አስታወቁ። የመጀመሪያውን ማሪ በአገሯ በፖላንድ ስም ፖሎኒየም አለችው። ሁለተኛው ራዲየም ነው። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበትን ራዲዮአክቲቭ የሚለውን ቃል ያወጡትም እነሱ ናቸው።

ሌሎች ሊቃውንት እንዲያምኑ ግን ራዲየሙን ለይቶ ማሳየት ያስፈልግ ነበር። ባልና ሚስቱ ቀድሞ የሬሳ መመርመሪያ በነበረ፣ ጣሪያው በሚያፈስ አሮጌ መጋዘን ውስጥ ሥራ ጀመሩ። ማሪ በትልልቅ ብረት ምጣድ ማዕድኑን እያፈላች ቁመቷን በሚያህል የብረት ዘንግ ስታማስል ትውል ነበር። ብዙ ኩንታል የማዕድን ዝቃጭ ካጣራች በኋላ በ1902 ያገኘችው የራዲየም ጨው አንድ አሥረኛ ግራም ብቻ ነበር።

በ1903 ቤክሬልና ኩሪዎች የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። መጀመሪያ የታሰበው ለሁለቱ ወንዶች ብቻ ነበር። ፒየር ይህን ሲሰማ የሚስቱ ሥራ እንዲታወቅ በመጠየቁ ማሪ ኖቤል የተሸለመች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ባልና ሚስቱ ራዲየምን የማውጣት ዘዴያቸውን በስማቸው አስመዝግበው ቢሆን ኖሮ ባለጸጋ በሆኑ ነበር። እነሱ ግን ዕውቀት የሁሉ ነው በማለት ለጠየቃቸው ሁሉ በነፃ ሰጡ።

ኀዘንና ጥላቻ

ኤፕሪል 19 ቀን 1906 ፒየር በፓሪስ መንገድ ሲሻገር በፈረስ የሚጎተት የጭነት ጋሪ ገጭቶት ሞተ። ማሪ ሁለት ሴቶች ልጆች ይዛ ቀረች። ኢረን ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ኤቭ ደግሞ ገና ሕፃን ነበረች። የባሏን የማስተማር ቦታ ተረክባ በሶርቦን ያስተማረች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

በ1911 መጀመሪያ ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አባልነት ተወዳደረች። በዚያን ጊዜ አንዳንድ ጋዜጦች የውጭ አገር ሰው መሆኗን እያነሱ ዘመቱባት። ከካቶሊክ አገር የመጣች ሆና ሳለ አይሁዳዊት ናት እያሉም በጥላቻ ጻፉባት። በጥቂት ድምፅ ልዩነት ሳትመረጥ ቀረች። አካዳሚው ሴትን በሙሉ አባልነት የመረጠው ገና በ1979 ነው። በዚያው በ1911 መጨረሻ ግን የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመች። በሁለት የተለያዩ የሳይንስ ዘርፎች ኖቤል ያገኘ ሰው እስከ ዛሬ ከእሷ ሌላ የለም።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ያጥላላት አገር ወታደሮች እንዳይሞቱ ተነሳች። ሃያ ያህል መኪኖች የኤክስሬይ መሣሪያ እንዲጫንባቸው አደረገች፤ ራሷም መኪና መንዳት ተምራ ወደ ጦር ግንባር ሄደች። ልጇ ኢረን ገና በአሥራ ሰባት ዓመቷ አብራት ሠርታለች። አንድ መቶ ሃምሳ ያህል ሴቶችንም በመሣሪያው እንዲሠሩ አሠለጠኑ። ሐኪሞች ጥይቱ በቁስለኛው አካል ውስጥ የት እንዳለ አይተው ማውጣት የቻሉት በዚህ ዓይነት ነው።

ያልታወቀው አደጋ

ማሪና ፒየር ጨረር ሥጋን እንደሚያቃጥል ያውቁ ነበር። ፒየር ራዲየም በክንዱ ላይ አስቀምጦ ቁስል ሲወጣበት አይቷል። ከዚህም በመነሳት ካንሰርን በጨረር ማከም ተጀመረ። ነገር ግን ጥቂት በጥቂት ለዓመታት የሚገባው ጨረር ምን እንደሚያደርግ በወቅቱ የሚያውቅ አልነበረም። ማሪ የራዲየም ብልቃጥ በኪሷ ይዛ ትዞር ነበር። ማታ ማታም በጨለማ ውስጥ ሲያበራ ማየት ደስ ይላት ነበር።

በ1920ዎቹ ዓመታት ሰዎች ራዲየምን እንደ ተአምር መድኃኒት ቆጥረው በቅባትና በመጠጥ ውስጥ ይጨምሩት ነበር። በአሜሪካ የሰዓት ፋብሪካዎች የሚሠሩ ወጣት ሴቶች የራዲየም ቀለም የነካ ብሩሽ በከንፈራቸው እያሾሉ ሲሠሩ ብዙዎቹ ታመው ሞቱ።

የማሪም ጤንነት እየደከመ ሄደ። ዓይኗም ፈዘዘ። ጁላይ 4 ቀን 1934 መቅኒዋ ደም መሥራት አቁሞ በስድሳ ስድስት ዓመቷ ዐረፈች። የጻፈችባቸው ደብተሮች ዛሬም ጨረር ያወጣሉ፤ በፓሪስ በእርሳስ ሣጥን ውስጥ ተዘግተው ይጠበቃሉ። ራዲየም ኃይሉ በግማሽ እስኪቀንስ 1600 ዓመት ያህል ይፈጃልና።

ከራዲየም ወደ እንጉዳይ

ማሪ ከመሞቷ ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ትልቅ ደስታ አይታለች። ልጇ ኢረንና ባሏ ፍሬዴሪክ ጆሊዮ ራዲዮአክቲቭ ነገርን ሰው ራሱ ሊሠራው እንደሚችል በ1934 መጀመሪያ ላይ አሳዩ። በ1935 ለዚህ ሥራቸው የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመዋል። ዛሬ ለምግብና ለሕክምና የሚውለው ኮባልት-60 በዚሁ መንገድ ሰው የሚሠራው ነው።

በሥራዬ ከማገኛቸው እናቶች አንዷ በአንድ ወቅት በጨረር ያለፈ ቅመም ለልጅ ልጆቻቸው ቢያበሉ ጉዳት ያመጣ እንደሆነ ጠይቀውኝ ነበር። ጥያቄያቸው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱም በማሪ ደብተርና በእንጉዳዩ መካከል ያለውን ልዩነት በመረዳት ላይ ነው።

የማሪ ደብተር ጨረር የሚያወጣው የራዲየም ብናኝ ስለተጣበቀበት ነው። እንጉዳዩን ግን ኮባልቱ አይነካውም። ኮባልቱ በብረት ቱቦ ውስጥ ታሽጎ፣ ግድግዳው ወፍራም ኮንክሪት በሆነ ክፍል ይቀመጣል፤ ሥራ በማይኖርበት ጊዜ ጥልቅ ውኃ ውስጥ ይወርዳል። የእንጉዳዩ ሣጥን በአጠገቡ ሲያልፍ ጨረሩ በውስጡ ዘልቆ ይሄዳል፤ በእንጉዳዩ ላይ የሚቀር ነገር የለም። የኮባልት-60 ጨረር ምግብን ራዲዮአክቲቭ የማድረግ ኃይል የለውም። በቤን ጉሪዮን አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣችን በኤክስሬይ ሲፈተሽ፣ ከመሣሪያው ሲወጣ ጨረር ይዞ እንደማይወጣ ማለት ነው።

ታዲያ ለእንጉዳዩ ምን ያደርግለታል? እንጉዳይ ከተለቀመ በኋላም ሕይወት አለው። እግሩ ይረዝማል፣ ባርኔጣው ይከፈታል፣ መልኩ ይጠቁራል። ከዘጠኝ አሥረኛው ያህል ውኃ ስለሆነና ውኃውን የሚይዝለት ልጣጭ ስለሌለው ቶሎ ይጠወልጋል። እንደተለቀመ ወዲያው ከ1 እስከ 3 ኪሎግሬይ የሚደርስ ጨረር ቢያልፍበት እድገቱ ይገታል፤ የሚያበሰብሱት ጀርሞችም ይቀንሳሉ። ከዚያ በቅዝቃዜ ከተያዘ ዕድሜው እጥፍ ያህል ሊሆን ይችላል። መጠኑ ከበዛ ግን እንጉዳዩ ራሱ ይለሰልሳል፣ ይበላሻልም።

ይህ መጠን ለሰው ቢሆን ገዳይ ነው። ለዚህ ነው በሥራው ሰዓት ማንም ወደ ክፍሉ የማይገባው። የዓለም ጤና ድርጅትን ጨምሮ የሦስት ዓለም አቀፍ ድርጅቶች የባለሙያዎች ጉባኤ በ1980 እስከ 10 ኪሎግሬይ ጨረር ያለፈበት ምግብ ለተመጋቢው የመመረዝ አደጋ እንደማያመጣ ወስኗል። አንዳንድ ቫይታሚን ግን ሊቀንስ ይችላል። እስራኤል በ1967 ድንች እንዳይበቅል በጨረር እንዲያልፍ ፈቅዳለች። ኔዘርላንድስ ደግሞ በ1969 ለእንጉዳይ ፈቅዳለች። ያም ሆኖ በዓለም ላይ አብዛኛው ትኩስ እንጉዳይ የሚቆየው በቅዝቃዜ ነው።

በአገር ቤትም ጨረር ሥራ ላይ ውሏል። በአዲስ አበባ ቃሊቲ የቆላ ዝንብ ወንዶች በጨረር እንዲመክኑ ይደረግና ይለቀቃሉ፤ በዚህ ዘዴ ከብት የሚገድለው ዝንብ እንዲቀንስ ተሠርቷል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ኮባልት-60 ለብዙ ዓመታት የካንሰር ሕሙማን ታክመውበታል።

ፍርሃቱ ከየት መጣ?

ቀደም ሲል የድንጋጤው ምክንያት ወደኋላ ይነገራል ብለን ነበር። በ1950ዎቹ ዓመታት ወደ እስራኤል የመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች፣ አብዛኞቹ ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጡ፣ የራስ ቆረቆራቸውን ለማከም በጭንቅላታቸው ላይ ኤክስሬይ ተደርጎላቸዋል። በዚያን ዘመን በሌሎች አገሮችም የሚሠራበት ሕክምና ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን ብዙዎቹ በጭንቅላት ዕጢና በታይሮይድ ካንሰር መታመማቸው በጥናት ተረጋገጠ። በ1994 ለተጎጂዎቹ ካሣ የሚሰጥ ሕግ ወጣ። ብዙዎቹ ወላጆች ቋንቋውን ስለማያውቁ በልጆቻቸው ላይ ምን እንደሚደረግ በቅጡ አልተነገራቸውም ነበር።

ስለዚህ አዲስ መጤ ቤተሰብ ክሪና የሚለውን ቃል ሲሰማ ቢጠይቅ አላዋቂ ሊባል አይገባውም። ሐኪም ለልጃችሁ የጨረር ምርመራ ሲያዝ ለምን እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ እንደሚደረግ፣ ሌላ መንገድ ይኖር እንደሆነ ጠይቁ። ቋንቋው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ እንዲመጣላችሁ አድርጉ። በምግቡ በኩል ደግሞ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ ማንበብ ካልቻላችሁ ልጆቻችሁን አስነብቡ። በክብ ውስጥ ያለ አረንጓዴ የቅጠል ሥዕል ምግቡ በጨረር ማለፉን የሚያሳይ ዓለም አቀፍ ምልክት ነው፤ የአደጋ ምልክት አይደለም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ጨረር የተበላሸውን እንጉዳይ ደኅና አያደርገውም፤ መርዛማውንም የሚበላ አያደርገውም። ከዝናብ በኋላ በኢየሩሳሌም ዙሪያ በየጫካው የሚበቅለውን በደንብ ሳያውቁ ለቅሞ መብላት ሊገድል ይችላል፤ የአንዳንዱ መርዝ ተቀቅሎም አይጠፋም። ከገበያ የገዛችሁትን ደግሞ በወረቀት ከረጢት አድርጋችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡት። በፌስታል ታስሮ ከተቀመጠ ያልበውና ቶሎ ይበሰብሳል።

ማሪ ኩሪ በ1995 ከባሏ ጋር የፈረንሳይ ታላላቅ ሰዎች ወደሚቀበሩበት ወደ ፓንቴዮን ተዛውራለች። በራሷ ሥራ ለዚህ ክብር የበቃች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። የእሷ ትውልድ የጨረርን መጠን ሳያውቅ ተጎዳ፤ እኛ ግን መጠኑን ለክተን ልንጠቀምበት የቻልነው በእነሱ ድካም ነው። ከኢትዮጵያ መንገድ ጥቂት ደቂቃ ርቆ፣ በነቢያት ጎዳና ላይ፣ በ1888 በሮትሽልድ ሆስፒታልነት የተሠራው ሕንፃ ዛሬ የሃዳሳ አካዳሚ ኮሌጅ ነው። በዚያም የሕክምና ላቦራቶሪ ሳይንስ ይሰጣል። ሴቶች ልጆቻችሁ በሳይንስ ትምህርት ቢበረቱ፣ ቋንቋው ከበዳቸው ብላችሁ ወደ ሌላ አትመልሷቸው። ፈረንሳይኛዋ ሳይሞላ ሶርቦን የገባችውን የዋርሶዋን ልጅ ታሪክ ንገሯቸው።